የፓርክ ሮያል አይብ

አስካለማርያም ለንደን ውስጥ ብዙ ነገር ለምዳለች። ዝናቡን ለምዳለች፤ ጎረቤት ደህና አደርሽ ሳይላት በሩን መዝጋቱን ለምዳለች፤ ከሰፈሯ ከሼፈርድስ ቡሽ ፓርክ ሮያል ካለው ፋብሪካ ድረስ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች ሥራ መግባቱንም ለምዳለች። መልመድ ያቃታት አይባቸውን ነበር። እሷ የምታውቀው አይብ ነጭ ነው፤ የሚፈረፈር፣ ጨው ያልነካው፣ ምላስ ላይ ቀዝቀዝ የሚል። ፋብሪካው ውስጥ በቀን ስምንት ሰዓት ከፊቷ የሚያልፈው ግን ቢጫ ነው። ትኩሱን እንደ አጥሚት ከቱቦ ይወርዳል፣ በብርማ ወረቀት ይጠቀለላል፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ስምንት ስምንቱ ክብ ካርቶን ውስጥ ይደረደራል። የእሷ ሥራ የተጣመመውንና ወረቀቱ የተቀደደውን ለቅማ ማውጣት ነው። "ለመሆኑ ላሟን ያየ ሰው አለ?" ትላታለች አጠገቧ የምትቆመውን ንግስቲን። ንግስቲ የአሥመራ ልጅ ናት፤ አማርኛዋን ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛዋን ከፈረንጅ ቤት ሥራ ይዛ የመጣች። "አርፈሽ ልቀሚ፣ ሱፐርቫይዘሩ እያየሽ ነው" ትላታለች።

የተጣመመው አይጣልም። ዓርብ ዓርብ ሠራተኛው ተከፋፍሎ ይወስደዋል። አስካለማርያም ድርሻዋን ለንግስቲ ልጆች ስትሰጥ ሁለት ዓመት ኖራለች። ይዛው ወደ ቤቷ መግባት የጀመረችው ወንድሟ ከመጣ በኋላ ነው።

ታናሽ ወንድሟ ዳኛቸው የመጣው በ1976 ሰኔ ላይ ነው። አዲስ አበባ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። በ1970 ከክፍል አውጥተው ወሰዱት፤ ምንም ሳይፈረድበት አምስት ዓመት ታሰረ፤ ምንም ሳይባል ተፈታ። እሥር ቤት እያለ ሚስቱ ሞተችና ልጁን ኂሩትን የእናቷ እህት ዕፀገነት ወስዳ አሳደገቻት። በጅቡቲ በኩል ሲወጣ ልጁን ይዟት በበረሃ ለመሄድ አልደፈረም። ለንደን እንደገባ የመጀመሪያ ሥራው እሷን ለማስመጣት አፕላይ ማድረግ ሆነ።

የስንቁ ነገር እዚህ ላይ ካልተነገረ የቀረው አይገባም። ዳኛቸው ታስሮ በነበረ ጊዜ ምሳውን ታመላልስለት የነበረችው አስካለማርያም ናት። በዚያ ዘመን ስንቅ ያመላለሰ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር፦ ምሳ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ሰውየው አለ። ሙሉውን ከተመለሰ፣ ወይም ዘበኛው "ከእንግዲህ አታምጪ" ካለ፣ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም። ዳኛቸው ደግሞ እህቱን ያውቃታል፤ ባዶ ቢመለስላትም ሌላ ሰው በልቶት ይሆናል ብላ ስትብሰለሰል እንደምትውል አይጠፋውም። ስለዚህ እሷ የምሳ ዕቃውን ጨርቅ አንድ ጊዜ ቋጥራ ስትልክለት፣ እሱ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ ይመልስላት ነበር። ሁለት ቋጠሮ ያየች ቀን እንቅልፍ ይወስዳታል። በ1973 በሱዳን በኩል እስክትወጣና ምሳ ዕቃውን ለዕፀገነት እስክታስረክብ ድረስ ሦስት ዓመት በሁለት ቋጠሮ ኖረች።

ለንደን ገብቶም ዳኛቸው ሳህን ላይ ምግብ ማስቀረት አይችልም። የቀረበለትን ሙልጭ አድርጎ ይበላል፤ ሳህኑን ራሱ አጥቦ ይደፋዋል። ጠግቤአለሁ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ አስካለማርያም ይህን ጠባዩን እያነሣች ታመሰግነው ነበር።

መስከረም ላይ እግሩ አበጠ። ሐኪም ቤት ደሙንና ሽንቱን ቼክ አደረጉና ኩላሊቶቹ ከተጎዱ ቆይተዋል አሉት። በምን ተጎዱ ለሚለው መልስ አልነበራቸውም። አይድኑም፤ ግን በመድኃኒትና በምግብ ከተጠነቀቀ ለዓመታት ሊያቆዩት ይችላሉ። እነሱ ሲደክሙ ደሙን የሚያጥብ ማሽን አለ። ዳኛቸው ያን ማሽን በመስታወት በር አሻግሮ አየው፤ ከጎኑ የተጋደመውንም ሰው አየ። በአውቶቡስ ሲመለሱ ተናገረ።

"እትዬ፣ ኂሩት እስክትመጣ እዚያ ነገር ላይ እንዳልወጣ አድርጊኝ። ከዚያ በኋላ እንደፈለገ ይሁን። አውሮፕላን ጣቢያ ሄጄ፣ ቆሜ ተቀብዬ ሻንጣዋን ልሸከምላት።"

"ትሸከምላታለህ" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአስካለማርያም ዋና ሥራ ይኸው ሆነ፤ ፋብሪካው ትርፍ ሥራ ሆነ።

ሐኪሞቹ ጨው ቀንሱ፣ ሥጋ አታብዙ ብለዋል። አስካለማርያም ዘንድ ቀንሱ ማለት አጥፉ ማለት ነው። ጨው ከቤት ወጣ። በርበሬ ተከተለው። ሥጋ ለበዓል ብቻ ሆነ። ታዲያ በሽተኛን ምን ያበሉታል? አገሯ ሳለች ትኩሳት የያዘው፣ አፉ የመረረው፣ ሆዱ ምግብ እምቢ ያለው ሰው የሚቀርብለት አይብ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። አንድ ዓርብ ድርሻዋን ስትቀበል አንዱን ብርማውን ልጣ ቀመሰችው። ጨው ጨው አላላትም። ሰውን ቀለሙ አይገድለውም፣ ቢጫም ቢሆን አይብ አይብ ነው ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የስህተቱ መጀመሪያ ይኸው ነው፤ በፍቅር የተሠራ ስለነበር ማንም ሊያርማት አልቻለም።

ጥቅምት 1977 ላይ ደግሞ የወሎ ረኃብ በቴሌቪዥን ወጣ። በማግሥቱ ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ እንግሊዞቹ ሴቶች ለቅሶ እንደ ደረሱ ሰዎች ከበቧት። ሞሪን የምትባለው አይሪሽ አቅፋት አለቀሰች። ዓርብ ሲደርስ እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን እያመጡ ቦርሳዋ ላይ ከመሩት። "ለወገኖችሽ" አሏት። ይህ ክምር ወሎ በምን እንደሚደርስ የጠየቀ የለም። ለንደን ውስጥ ያሏት ወገኖች ደግሞ አንድ ሰው ነበሩ። አስካለማርያም ፊቷ በሀፍረት ደም መሰለ። እምቢ ብትል በረኃብተኛ ስም የተሰጠ ምጽዋት መግፋት ይሆንባታል፤ ተቀብላ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጣ። ማቀዝቀዣው ሞላ፣ የመስኮቱ ደፍ ሞላ፣ ለወሎ የታሰበው አይብ ሁሉ ዳኛቸው ሆድ ገባ።

ለቁርስ ሁለቱን ዳቦ ላይ ትቀባለታለች፤ ለምሳ ሁለት ታስቀምጥለታለች፤ ለራት ጎመኑ ላይ ደፍጥጣ ታቀርብለታለች። እሱም ሙልጭ አድርጎ ይበላል። የገና በዓል ሲደርስ ፊቱ ሞላ። እሥር ቤት ያጎደጎደው ጉንጩ ተደፈነ፣ አንገቱ ወፈረ። አስካለማርያም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከፊት ከፊት እየነዳች ለሰው ሁሉ አሳየችው። እብጠት መሆኑ አልታያትም፤ ለሦስት ዓመት የከሳ ሰው በሐሳቧ ስታይ የኖረች ሴት ሙሉ ጉንጭ ስታይ ምን ትጠርጥር? ደስ አላት፤ በቃ ደስ አላት።

ማሳከኩ የጀመረውም ያኔ ነው። ጀርባውን፣ ክንዱን፣ ቁርጭምጭሚቱን ይበላዋል። ከሥራ ስትገባ ወንበሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቃታል፤ ኮቷን ሳታወልቅ ታክለታለች። የዚህ አገር ውሃ ነው አለች። ሳሙና ለወጠች። ብርድ ልብሱ ሱፍ ስለሆነ ነው ብላ አንሶላ ሰፋችበት። ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ቅባት ገዝታ ቀባችው። ያልተከሰሰ ነገር አልነበረም፣ ከአይቡ በቀር።

የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። ዳኛቸው እሥር ቤት እንኳ ያልሻርኩትን እዚህ አልሽርም ብሎ ጾመ። አይቡ መስኮት ላይ ተቀምጦ እሱ ሃምሳ አምስት ቀን ጎመንና ዳቦ፣ ቀጠን ያለ የምስር ወጥ በላ። ወሩ ሳይሞላ እብጠቱ ጎደለ፤ ማሳከኩ ተወው፤ ቤታቸው ያለበት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳያርፍ ይወጣ ጀመር። አስካለማርያም ያየችው ግን አንድ ነገር ነው፦ ፊቱ ከሳ። ጉንጩ ተመልሶ ጎደጎደ። ያ ፊት የእሥር ቤቱ ፊት ነው። እሱን እያየች ማብሰል አቃታት።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ተሽሎኛል። ማሳከኩም ተወኝ" አላት።

"ሳሙናው ነው" አለችው።

በፋሲካ አይቡ ተመለሰ። ጉንጩም ተመለሰ፣ ማሳከኩም ተመለሰ። አስካለማርያም ሳሙናውን ሰድባ ሌላ ሳሙና ገዛች።

ፍልሰታ ሲቃረብ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደች። አባ ተኽለሃይማኖት ከእንግሊዞች ተለምኖ በተገኘ ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ የሚቀድሱ ሽማግሌ ነበሩ። ቅዳሴው አልቆ ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና መስቀላቸውን ተሳልማ ጠየቀቻቸው።

"አባቴ፣ ወንድሜን ከጾም ይፍቱልኝ። በሽተኛ ነው። በሁዳዴ ሊያልቅብኝ ነበር።"

"እሱ ራሱ ምን ይላል?"

"እሱማ እጾማለሁ ባይ ነው። እርስዎ ካዘዙት ግን እምቢ አይልም።"

"ለሕመምተኛ የተፈቀደ ነው። ይብላ በይው" አሉ አባ፤ ደግ ሰው ነበሩና ጠበሉንም በጠርሙስ ሰጧት። ዳኛቸው ትእዛዙን ሲሰማ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ጾሙ በገባ ቀን ጠዋት አይቡን ዳቦው ላይ ቀብቶ በላ፤ ሳህኑን አጥቦ ደፋው።

ጥቅምት 1978 ላይ ሐኪም ቤቱ ደብዳቤ ላከ፤ የምግብ ባለሙያ ልታነጋግራቸው ትፈልጋለች ይላል። ዳኛቸው እንግሊዝኛ ያውቃል፤ አስካለማርያም ግን አንዲትም ቃል እንዳታመልጣት ንግስቲን ሺፍቷን አስለውጣ ይዛት ሄደች። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። የደም ምርመራውን ወረቀት ዘርግታ አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"መጋቢት ላይ ደሙ ጥሩ ነበር ትላለች" አለች ንግስቲ። "ከዚያ ወዲህ እየባሰ ሄዷል። መጋቢት ላይ ምን ነበር የሚበላው ብላ ነው የምትጠይቅሽ።"

"ጾም ነበር በያት። ምንም ደህና ነገር አይበላም ነበር። አሁን እኮ አስፈትቼዋለሁ። በቀን አምስት ስድስት አይብ ይበላል።"

ንግስቲ ቀና ብላ አስካለማርያምን አየቻት፤ ከዚያ ተረጎመች። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከመሳቢያዋ የምግብ ሥዕሎች አወጣችና አንዱን ወደ እነሱ አዞረችው። ክብ ካርቶን ነው፣ ብርማ ሦስት ማዕዘኖች ያሉበት። ሥዕሉ ላይ ቀይ መስመር ተሠምሮበታል።

ንግስቲ ቀስ እያለች አስረዳቻት። ፎስፌት የሚባል ነገር አለ። ጤነኛ ኩላሊት ያስወጣዋል፤ የደከመ ኩላሊት አይችልም፤ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ሰውን ያሳክካል፣ አጥንት ይጎዳል። ሌላ አይብም አለው፤ የዚህ ግን ይብሳል፤ እንዲቀልጥና እንዲለሰልስ ብለው የሚጨምሩበት ዱቄት ራሱ ፎስፌት ነው። ምላስ ባያውቀውም ጨውም በዝቶበታል፤ የሚያሳብጠው ጨዉ ነው።

"የቱ ዱቄት?" አለች አስካለማርያም።

"ነጩ። ወዲያኛው አዳራሽ ወንዶቹ ከከረጢት እየገለበጡ የሚጨምሩት።"

አስካለማርያም ያን ዱቄት በየቀኑ ታየዋለች። ካፖርቷን ከምትሰቅልበት ቦታ ቀጥ ብሎ ይታያል። "የወተት ዱቄት መስሎኝ" አለች። ይህን ንግስቲ አልተረጎመችውም።

ባለሙያዋ ደግ ነበረች። ኩላሊቶቹ ከመጀመሪያውም ደካማ እንደነበሩ፣ አይቡ ብቻውን እንዲህ እንዳላደረጋቸው፣ ቀድሞ ወረቀት ሊሰጣቸው ይገባ የነበረው ሐኪም ቤቱ እንደሆነ ተናገረች። ሁሉም እውነት ነበር። አንዱም አስካለማርያም ጆሮ አልገባም። ስንት ዓርብ እንዳለፈ ታስብ ነበር።

አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ንግስቲ ተለይታቸው ሄደች። ወንድምና እህት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"አንተ ታውቅ ነበር?" አለችው።

"ጠርጥሬአለሁ። በጾም ይተወኛል፣ በፍስክ ይመለስብኛል። ይህን ለመጠርጠር ሐኪም መሆን አያስፈልግም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ዳኛቸው ክንዱን አከከ። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመና ሄደ፤ የእነሱ አልነበረም።

"ሳህኑን ሙሉውን ልመልስብሽ?" አላት።

ያን ባዶ ሳህን ያስተማረችው እሷ ናት፤ ባዶውን ባየች ቁጥር ፊቷ ሲበራ አይቷል። የእሷን ፊት ለማብራት ሲል የራሱን ሲያሳብጥ ከረመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችው፣ አደባባይ ላይ፣ እያለቀሰች፤ እሱም ኮቷን ትከሻዋ ላይ አስተካከለላት። እቤት ሲገቡ የመስኮቱን ደፍ በእጇ ጠረገችው፤ ካርቶኖቹን በሁለት ከረጢት ሞልታ አወረደች።

ኅዳር ላይ ዳኛቸው ማሽኑ ላይ ወጣ። በሳምንት ሦስት ቀን ይሄዳል፤ ሲመለስ ጫማውን ማውለቅ ያቅተዋል። የኂሩት ቪዛ ታኅሣሥ ላይ ተፈቀደ፤ የመውጫ ፈቃዷ ግን አዲስ አበባ ከቢሮ ቢሮ ይዞር ነበር። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር "ይኸው ደረሰች" ይላል። ጥር ላይ ልቡ ደከመና ሐኪም ቤት አስተኙት። አስካለማርያም ባለሙያዋ የፈቀደችውን ብቻ እየሠራች፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ለነርሶቹ ትሰጣለች፤ ከሥራ ስትወጣ ምሳ ዕቃውን ትቀበላለች። የሚችለውን በልቶ የቀረውን እንዲተው አስምላው ነበር። መሐላው አልያዘም፤ ባዶውን ነበር የሚመልሰው። ጨርቁንም ማንም ሳይነግረው ሁለት ጊዜ ቋጥሮ ይልክላታል።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትመጣ ነርሷ ምሳ ዕቃውን ይዛ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ነርሷ ረጅም ነገር ተናገረች። አስካለማርያም የምታየው ጨርቁን ነው። አንድ ቋጠሮ ነበር፤ ጠዋት ራሷ የቋጠረችው። ተቀበለችው፤ ከበዳት። እዚያው በር ሥር ተቀመጠች። አልቅሳ ቀና ስትል ይህን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር አደነቀችው፤ አታልቅሺ ያላት አልነበረም።

ፋብሪካውን አልተወችም፤ ሌላ ሥራ የላትም። ዓርብ ሞሪን ካርቶን ስትዘረጋላት ግን እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ሞሪን የተከፋች መሰለች። ንግስቲ ወሰድ አድርጋ አስረዳቻት፤ ከዚያ ወዲያ የሰጣት የለም።

ኂሩት በግንቦት መጣች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የአባቷ ግንባር፣ የአባቷ ዝምታ። መርዶዋን ዕፀገነት አዲስ አበባ ነግራታለች። ሻንጣዋን አስካለማርያም ተሸከመችላት፤ ንግስቲ ላግዝሽ ብትላት እምቢ አለች። አውቶቡስ ላይም ጭኗ ላይ አስቀምጣው ሄደች።

ቤት ገብተው ሳህን ሞልታ አቀረበችላት። ጨው ያለው ወጥ ከሠራች ዓመት አልፏታል፤ ለልጅቷ ብላ ሠራች። ኂሩት ስትበላ ቆየች። ከዚያ ዘገየች፤ ጉርሻዋ እያነሰ ሄደ፤ ዓይኗ ውሃ ሞላ። እጇ ግን ወደ ሳህኑ መመላለሱን አልተወም።

"ዕፀገነት ምን ብላሽ ነው የመጣሽው?" አለቻት አስካለማርያም።

"አክስትሽ ካቀረበችልሽ እንዳታስቀሪ አለችኝ። አባትሽ አስቀርቶ አያውቅም አለችኝ።"

ልጅቷ ሌላ ጉርሻ ልትጠቀልል እጇን ስትሰድ አስካለማርያም ያዘቻት።

"ጠግቤአለሁ በይኝ።"

ኂሩት ፈራች። "እጨርሰዋለሁ፣ እቴቴ።"

"እንዳትጨርሺው። ጠግቤአለሁ በይኝ፣ ልጄ።"

"ጠግቤአለሁ።"

አስካለማርያም ግማሹ ያልተነካውን ሳህን አንስታ ማድ ቤት ገባች። ከነምግቡ በሁለት እጇ ይዛው ቆመች። ልጅቷ ከወዲያኛው ክፍል ወንበሯን አስጠግታ፣ "እቴቴ፣ ውሃ ይሰጡኛል?" ስትል ሰማቻት።